«ቆዳው የታለ?»

ከሊማሊሞ ሥር ባለው ጫካ ነብር የለም ይባላል። ድሮ ነበር፣ አሁን አልቋል ይባላል። እኔ ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ ግድግዳ በሚያህል ርቀት ቆሜ ከነብር ጋር ዓይን ለዓይን ተያይቻለሁ። ወንድሜ ሞላ ደግሞ ከዚያም ይበልጥ ቀርቧል። የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አጋነንሽ የምትሉኝ ከሆነ እስከ መጨረሻው ታገሡኝና ያን ጊዜ በሉኝ።

በዚያ ሰሞን እኔ ማለት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ዳባት አክስቷ ቤት ሆና ጨርሳ፣ ውጤት ሳይመጣላት ደባርቅ እናቷ ቤት የተመለሰች ልጅ ነበርኩ። ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ከአስፋልቱ እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ አስፋልቱ እመላለሳለሁ። እናቴ «የተቀመጥሽበት ሁሉ እሾህ ነው እንዴ?» ትለኛለች። እሾህ ሳይሆን ሥራ ማጣት ነው።

ሞላ ታላቄ ነው። ለቱሪስት በቅሎ ይጭን ነበር። ቱሪስቱ መምጣት ሲያቆም ሌሎቹን በቅሎዎች ሸጠና አንዲት ብቻ ቀረችው። በመልኳ ዳማ እንላታለን። ዳማ ጤፍ ትጭናለች፣ ሲሚንቶ ትጭናለች፣ ሙሽራም ትጭናለች። የምንበላው እሷ ከተሸከመችው ነው። እናም አንድ የጥቅምት ጠዋት ስንነሣ ዳማ ገመዷን በጥሳ ሄዳለች። በሊማሊሞ በኩል ወደ ገደሉ ስትወርድ ያያት ሰው ነበር።

ሞላ ጎረቤታችንን አያ ደሴን ለመናቸው። አያ ደሴ ጫካውን ያውቁታል፣ ከአባታቸው የወረሱት አሮጌ ጠመንጃም አላቸው። ጥይቱ ግን ሁለት ብቻ ነበር። እሱንም ለጅብ ማስፈራሪያ ብለው ነው ያስቀመጡት።

ጫማዬን ሳጠልቅ ሞላ አየኝ። «አንቺ ደግሞ የት ነው?»

«ዳማ በእኔ ድምፅ ነው የምትመጣ።»

«ጨው ስለምትሰጫት ነው እንጂ በድምፅሽማ ጅብም ይሸሻል።»

እሱ የለበሰው አንድ ፈረንጅ ትቶለት የሄደውን ብርቱካን ቀለም ጃኬት ነው። በጣም ይወደዋል። አያ ደሴ ከራስ እስከ እግሩ አዩትና «ይህን እሳት የመሰለ ነገር አውልቀው እንጂ፣ ጫካ ነው እኮ የምንገባው» አሉት።

«ብጠፋ በቀላሉ እንድታገኙኝ ነው፣ አያ ደሴ።»

እናቴ በር ላይ ቆማ «ያለ በቅሎዋ ትመለሱና ነብር አየኝ በሉ!» አለችን። ማስፈራራቷ ነው፤ ወዮላችሁ ማለቷ ነው። ማንም እናት የሚለው ነገር ስለሆነ ሳቅን።

ወረድን። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነበር። ከአስፋልቱ ወጥተን በእግር መንገዱ ስንወርድ ከታች ጭድ መስሎ የሚታየው ሣር ያልፍና አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይመጣል፣ ከአስታው በታች ወይራውና ጥዱ ይጀምራል። ከወይራው በታች ፀሐይ የማትገባበት፣ ከገደሉ ሥር ውኃ የሚንጠባጠብበት ጨለማ አለ። መንገድ ላይ እንጨት የተሸከመች ሴት አገኘችን። ስለ በቅሎዋ ጠየቅናት።

«ኮቴዋን አይቻለሁ። እናንተ ግን ወደ ታች አትውረዱ፣ አያ። ትናንት ከገደሉ ሥር ጥቁር ነገር አይቻለሁ።»

«ምን ዓይነት ጥቁር?» አሉ አያ ደሴ።

«ጥላ መሰለኝ። ከዚያ ጥላው ተነሥቶ ሄደ።»

አያ ደሴ አማተቡ። ሴትዮዋ ስታልፍ «ግስላ ነው» አሉን በቀስታ። ግስላ ጥቁሩ ነው፤ በእኛ አገር ከነብር የከፋ አውሬ ነው ይባላል። ዘሩም ሌላ ነው፣ ከነብር ጋር ደመኛ ነው ይባላል። «ነብር ባለበት ግስላ አይውልም፤ ግስላ ባለበት ነብር አያልፍም» አሉ አያ ደሴ፤ አባታቸው የነገሯቸውን ነው የነገሩን። «ነብር ከሆነስ ሰው ሲያይ ይሄዳል። ግስላ ግን አይሄድም።»

«እንመለስ ታዲያ?» አልኩ።

ሞላ ዞሮ አየኝ። «ዳማን ትተን ተመልሰን ምን እንበላለን? አንቺን?»

ወረድን።

ዳማን ያገኘናት ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ ነው። የበጠሰችው ገመድ ከወይራ ሥር ተጠላልፎ ይዟታል። ጨዉን በመዳፌ ይዤ ጠራኋት። ጆሮዋን ወደ እኔ እንኳ አላዞረችም። ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደ ፊት ተተክለዋል፣ ቆዳዋ ይንቀጠቀጣል፣ ታፋዋ ላይ ቀጫጭን የደም መስመር አለ። ያኔ ነው ጫካው ዝም ማለቱን የሰማሁት። ስንወርድ ሲጮኹ የነበሩት ጉሬዛዎች ጸጥ ብለዋል። የወፍ ድምፅም የለም።

ዳማ የምታይበትን አየሁ። ከፊት ለፊታችን አንድ የተንጋደደ ወይራ አለ። ፀሐይ በቅጠሉ መካከል እየገባች ወፍራሙን ቅርንጫፍ በቢጫና በጥቁር ነጥብ ነጥብ አድርጋዋለች። ሌላ ምንም የለም። ደጋግሜ አየሁ፣ ምንም የለም። ከዚያ ነፋስ ሳይኖር ከፀሐዩ ነጥቦች አንዱ ተንቀሳቀሰ።

ጅራት ነበር።

ጅራቱን ካገኘሁ በኋላ ቀሪው በየተራ መጣልኝ። ቅርንጫፉን አቅፎ የተንጠለጠለ እግር፣ አጭርና ወፍራም። ጀርባው ላይ ቀለበት ቀለበት የሆነ ጥቁር፣ በየቀለበቱ መሐል የደረቀ ሣር ቀለም። ሆዱ ነጣ ያለ፣ ከታች ሲያዩት ሰማይ የሚመስል። ከዚያ ሁለት ዓይን። እነሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ እኛ ላይ ነበሩ።

እናቴ ያለችው ትዝ አለኝ። «ነብር አየኝ በሉ።» ሰው ሁሉ ይለዋል፣ እኔም ስለው ኖሬአለሁ፤ ለምን «ነብር አየሁ» እንደማይባል ግን አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ሰው ነብርን አያየውም። ነብር ነው ሰውን የሚያየው። ያንን ቆዳ የለበሰ ነገር የሚታየው ሲሳሳት ብቻ ነው፤ ይኼኛውም ጅራቱን በማንቀሳቀሱ ተሳስቶ ነበር።

«አያ ደሴ» አልኩ፣ ከንፈሬን ሳላላቅቅ። «ዛፉ ላይ።»

እሳቸው ለማግኘት ጊዜ ወሰደባቸው። ሞላ ደግሞ ምንም ሳያይ ገመዱን እየፈታ ነው። ጠመንጃው ጮኸ። ነብሩ ከቅርንጫፉ ተነቅሎ እንደ ከረጢት ወደቀ። ዳማ ደንብራ፣ ሞላን በደረቷ ገፍታ ጥላው፣ በመጣንበት መንገድ ሽቅብ ጠፋች።

አያ ደሴ ሮጠው ሄደው አዩት። «ዝንጉርጉር ነው! ነብር ነው! ተመስገን፣ ግስላ አይደለም!» ፊታቸው በራ። ነብር ከሆነ እዚህ አካባቢ ግስላ የለም ማለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ የተሸከሙት ፍርሃት ሲወርድላቸው አየሁት። ከዚያ አውሬ የጣለ ወንድ የሚያደርገውን አደረጉ። ጠመንጃቸውን ከፍ አድርገው «ዘራፍ!» አሉ፣ እየዘለሉ ፎከሩ፣ ራሳቸውን በአባታቸው ስም ጠሩ፣ የመጨረሻዋን ጥይትም ወደ ሰማይ ተኮሱ። ገዳይ ጥሎ ሳይተኩስ አይመለስም። አባታቸውም እንደዚያ ነበሩ።

ሞላ አቧራውን እያራገፈ ተነሣ። «አያ ደሴ፣ ይበቃዎታል! ነብር ገደሉ ተብለን ልንታሰር ነው። ጎትተን ገደል እንክተተው።»

ሄዶ ጎንበስ አለ። እኔም ጠጋ አልኩ። ያኔ ነው የነብሩ መዳፍ ለአካሉ የማይመጥን ትልቅ መሆኑን፣ ጥርሱ አዲስና ነጭ መሆኑን ያየሁት። ቡችላም መዳፉ ከአካሉ ቀድሞ ያድጋል።

«ሞላ፣ ይኼ እኮ ደቦል ነው» አልኩት።

«ምን?» ብሎ ቀና አለ።

ከኋላው፣ ከገደሉ ሥር፣ ጥላው ተነሣ።

ድምፅ አልነበረውም። ይህን ስነግራቸው ሰዎች አያምኑኝም፤ ያን የሚያህል አካል ደረቅ ቅጠል ላይ ሲሮጥ አልሰማሁም። ሞላ በጃኬቱ ቀለም እዚያ አረንጓዴ ውስጥ እንደ መብራት ይታያል፤ ግስላዋ ግን ከጨለማው ወጥታ ጀርባው ላይ እስክትወጣ ድረስ ጨለማ ነበረች። ትከሻውንና አንገቱን ያዘችው። እሱ አንድ ጊዜ ብቻ «እህቴ!» አለ።

ድንጋይ ወረወርኩ። ዱላ አንሥቼ ወገቧን መታሁ፣ ደግሜም መታሁ፤ ግንድ እንደ መምታት ነው። አያ ደሴ ቃታውን ሳቡ። ቀጭ አለ። እንደገና ሳቡ፣ ቀጭ። በሰደፉ ጭንቅላቷን መቷት። ለቀቀችው። እኛን ፈርታ አይመስለኝም፤ ስለ ጨረሰች ነው።

ከዚያ ያደረገችውን ስሙኝ። አልሸሸችም። ወደ ወደቀው ዝንጉርጉር ሄደችና አጠገቡ ቆመች፤ ፀሐይ በቅጠሉ መሐል የምትገባበት ቦታ ላይ ነበር። አንገቱን ላሰችው፣ ጆሮውን ላሰችው። ፀሐይዋ ጀርባዋ ላይ ስታርፍ ጥቁሩ ቆዳ ጥቁር ብቻ እንዳልሆነ አየሁ። ከሥሩ ቀለበት ቀለበት አለ። የደቦሉ ላይ ያለው ያው ቀለበት፣ ያው አቀማመጥ፣ ጥቁር በጥቁር ላይ። አንድ ልብስ ናቸው፤ አንዱ ሣርና ፀሐይ ውስጥ ለመዋል፣ አንዱ ከገደል ሥር ለመዋል የተነከረ።

አንገቱን በአፏ ያዘችና ዓለቱን ሽቅብ ጀመረችው። ክብደቱ የእሷን ሊሆን ምንም አይቀረውም። እኔ ጀሪካን ይዤ ሜዳ ላይ የምደክመውን ያህል አልደከመችም። አጫጭር እግሮቿ ድንጋዩን ይዘው፣ ሆዷ መሬት ሊነካ እየደረሰ፣ ረጅሙ ጅራቷ ገደሉ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ሚዛኗን ሲጠብቅላት ወጣች። ወንድሜ ደም ውስጥ ወድቆ፣ እኔ እሷን እያየሁ «ለዚህ ቦታ የተሠራችው እሷ ናት፣ እኛ አይደለንም» ብዬ አሰብኩ። በዚያ ሰዓት እንዲህ ማሰቤ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አያ ደሴ መሬት ተቀምጠው ነበር። «ግስላ ነብር ትወልዳለች እንዴ?» አሉ። ለማንም አይደለም የጠየቁት።

«አያ ደሴ፣ ይነሡ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። «ጋቢዎን ያምጡ!»

በሁለት ዱላ ላይ ጋቢውን አስረን ቃሬዛ ሠራን። ነጠላዬን ለአራት ቀድጄ አንገቱን አሰርኩት፤ ደሙ ቀለል አለ እንጂ አልቆመም። የወረድነውን ገደል እንደገና መውጣት ነው። ሁለት እርምጃ ወጥተን አንድ እንንሸራተታለን። ስልክ ልደውል ብል ኔትወርክ ከተቋረጠ ሰንብቷል። አያ ደሴ ከፊት ናቸው፣ እኔ ከእግሩ በኩል፤ ፊቱን እያየሁ ነው የምወጣው።

«ዳማ ዳነች?» አለኝ።

«ድናለች። ቤት ሳትደርስ አትቀርም።»

«እናታችን ባዶዋን ስታያት ትደነግጣለች።»

«አትናገር፣ ሞላ። ትንፋሽህን ያዝ።»

«አንቺ ነሽ ይህን የምትዪኝ?» አለና ሊስቅ ሞከረ። «አንድ ቀን ዝም ብለሽ የማታውቂ።»

አስፋልቱ ስንደርስ ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ነበር። የሊማሊሞ ኩርባ ላይ፣ ከግንቡ ጥግ አስተኛነው። ደባርቅ በመኪና ቅርብ ናት፤ በእግር፣ ያውም እሱን ተሸክመን፣ አትደረስም። ያለው ተስፋ አንድ መኪና ነው። አንድ አውቶቡስ መጣ፤ መሐል መንገድ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ፤ ጥሩንባውን እያስጮኸ በጎኔ አለፈ። ብዙ ቆይቶ አንድ አይሱዙ ዳገቱን እያቃሰተ መጣ። ይኼኛው ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ነብር ነው! ነብር ሰብሮት ነው! በማርያም ጫነን፣ ወንድሜ!»

ሾፌሩ ደሙን አየ። የአያ ደሴን ጠመንጃ አየ። «ነብር?» አለ።

«ግስላ፤ ጥቁር ናት፣ ከገደሉ ሥር...»

«እህቴ፣ ይህን መንገድ ስመላለስበት ጺሜ ሸበተ። አንድ ቀን ነብር አይቼ አላውቅም።»

ረዳቱ ከወዲያ በኩል «ጠመንጃው የነብሩ ነው?» ብሎ ሳቀ።

አያ ደሴ ወደ መኪናው ተጠጉ። ሽማግሌው እየለመኑ ነበር። «ልጄ፣ ጠመንጃው የእኔ ነው። እመብርሃንን፣ ነብር ነው። አንዱን እኔው ገድዬዋለሁ።»

«ቆዳው የታለ?»

አያ ደሴ ዞረው ወደ ገደሉ አዩ።

«እናቱ ወሰደችው» አልኩ እኔ።

እውነቱን ነው የተናገርኩት። እውነት ከአፌ ስትወጣ እንደዚያ ሞኝ ሆና ሰምቻት አላውቅም። ረዳቱ እንደገና ሳቀ። ሾፌሩ አልሳቀም፤ ያዘነልኝ መሰለኝ። እጄን በሩ ላይ አድርጌ ነበር፤ በቀስታ አነሣው።

«በጥይት የተመታ ሰው ጭኜ ኬላ ላይ ብያዝ፣ ከየት አመጣኸው፣ ማን ነው፣ ከማን ወገን ነው ይሉኛል። ልጆች አሉኝ። ይቅር በይኝ።»

«ጥይት አይደለም! ውረድና እየው! የጥርስ ነው፣ እየው እንጂ!»

አልወረደም። ሄደ።

ሞላ ዓይኑን ገልጦ ነበር። «ምን አለሽ?»

«ዕቃ አራግፎ ይመለሳል።»

«ጥሩ ሰው ነው» አለ።

ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሌላ መኪና እንዲመጣ ጆሮዬን ወደ ታች አድርጌ ነበርና ሲያርፍ አልሰማሁትም። አያ ደሴ ናቸው ጎንበስ ብለው ዓይኑን የከደኑለት።

ቆይቶ ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ መጣና ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ አየው፣ አንገቱን ነካው። «ሞቷል?» አለ።

«ሞቷል» አሉ አያ ደሴ።

«እንግዲያስ ጫኑት። ለሬሳ ማንም አያስቸግርም።»

ቤት ስንደርስ ዳማ በር ላይ ቆማለች፣ የተበጠሰው ገመድ አንገቷ ላይ። እናቴ ባዶዋን ስትመጣ አይታት አስቀድማ ማልቀስ ጀምራ ነበር።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጥይት ነው። የገነዙት ሰዎች እንኳ የጥርሱን ቀዳዳ አይተው የጥይት ነው ብለዋል። የዘመኑ ሞት ጥይት ነው፤ ሌላ ሞት ለማንም አይታየውም። «ጫካ ገብቶ ኖሯል እኮ» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እኔ መሐላቸው ገብቼ እጮሃለሁ። «ነብር ነው! ቆሜ አይቻለሁ!» ሴቶቹ ይይዙኛል፣ «እሺ፣ እሺ የእኔ ልጅ፣ ደንግጠሽ ነው» ይሉኛል። «አያ ደሴን ጠይቋቸው» አልኩ። ተጠየቁ። እሳቸው መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ገደል ነው የገባው። እኔ ነብር አላየሁም» አሉ።

አልፈርድባቸውም፤ ነብር ገድያለሁ ካሉ እስር ነው፣ ተኩሻለሁ ካሉ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። በኋላ ለብቻቸው አግኝቻቸው ነበር። «አያ ደሴ፣ እኔን እብድ አደረጉኝ» አልኳቸው። «ልጄ፣ የእኔ ዓይን ራሱ እውነት ይሁን አይሁን ጠፍቶበታል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ብቻ ነው።

እናንተ የምትሰሙኝ ደግሞ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ትምህርት ከሆነ ይኸው ነው። ያ ቆዳ ሥራውን በደንብ ይሠራል። ሣር ውስጥ ሣር፣ ጥላ ውስጥ ጥላ እንዲሆን ተሠራ፣ ሆነ። ከሰው ዓይን እንዲሰወር ተሠራ፣ ተሰወረ፤ ይኸው በሥሩ መንገድ ሠርተን እየተመላለስንበት አልቋል እንላለን። እሷን አልጠላትም። ልጇን ገደልንባት፣ ወንድሜን ገደለችብኝ፤ ይህ በእሷና በእኛ መካከል ያለቀ ነው። ያላለቀው ከሾፌሩ ጋር ያለው ነው፤ ያም ሰው ክፉ አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ ጅራቷን አሳይታው ቢሆን ኖሮ፣ መኪናው ላይ ቦታ ነበር።

እኔም ድሮ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም ያልኳችሁ ልጅ አሁን እቀመጣለሁ። የምሄድበት የለኝም። እናቴ ትተሽኝ እንዳትሄጂ አትልም፣ ግን በሩ ሲንኮሻኮሽ ታየኛለች።

በቀደም ልብስ እያጠብን ሳለ እጇን ከአረፋው አወጣችና «አሁን ማንም የለም። እውነቱን ንገሪኝ፣ ማን ነው የገደለው?» አለችኝ።

«ነብር ነው፣ እማ።»

«እሺ» አለች።

እናቴን አውቃታለሁ፤ እሺ የምትለው ያላመነች ጊዜ ነው። እጇን አደራርቃ በር ላይ ሄዳ ቆመች። ከአስፋልቱ በኩል ጠመንጃ የያዙ ወጣቶች እየተጫወቱ ያልፋሉ። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ እንደምታደርገው የእያንዳንዱን ፊት አንድ በአንድ አየች፣ የልጇን ገዳይ ለመለየት።